ሜድላይንፕላስ፦ ለእኔ አራት ተኩል ኮከብ፣ ለእናቴ ሁለት

የሐኪም ቤት ወረቀት ለወላጆቻችሁ የምታስረዱ ልጆች ከሆናችሁ ሜድላይንፕላስን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት። ሊንኩን ለወላጆቻችሁ ልካችሁ "አንብቡት" ለማለት ካሰባችሁ ግን አትድከሙ። ርዕሱ ላይ ኮከቡን ለሁለት የከፈልኩት ለዚህ ነው።

ለማያውቀው፣ ሜድላይንፕላስ የአሜሪካ መንግሥት የጤና መረጃ ድረ ገጽ ነው። የሚያዘጋጀው ሜሪላንድ ያለው ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ነው፣ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ነፃ ነው። ማስታወቂያ የለውም፣ ተመዝገቡ አይልም፣ "ይህን ሻይ ጠጡና ስኳራችሁ ይጠፋል" ብሎም ምንም አይሸጥላችሁም። ዋናው ክፍል በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው። አማርኛም የራሱ ገጽ አለው፣ ቆይቼ እመጣበታለሁ።

እዚህ አሜሪካ ያለን ሰዎች ችግራችን የታወቀ ነው። ከኤፕሪል 2021 ወዲህ ሆስፒታሎች የታካሚን ውጤት ያለ በቂ ምክንያት ይዘው እንዳያቆዩ ሕግ ስላለ፣ የደም ምርመራው እንዳለቀ ውጤቱ ማይቻርት ላይ፣ ታካሚ የሕክምና መረጃውን በስልኩ በሚያይበት መተግበሪያ ላይ፣ ዱብ ይላል። ዓርብ ማታም ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ገና አላየውም፣ እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም፣ ስለዚህ ቀይ ምልክት ያለበት ቁጥር ላይ የማፈጠው እኔ ነኝ። ሰኞ እስኪመጣ ማን ይችላል?

የድረ ገጹ ምርጥ ክፍል የሚጠቅመው ይሄኔ ነው። የሕክምና ምርመራዎች የሚል ክፍል አለው፣ እያንዳንዱ ምርመራም ለብቻው ገጽ አለው። ምርመራው ምንድነው፣ ለምን ይታዘዛል፣ ሲሠራ ምን ይደረጋል፣ ሳይበሉ መሄድ ያስፈልጋል ወይ፣ ውጤቱስ ምን ማለት ነው፣ ሁሉም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው የሚሄደው፣ አንዱን የለመደ ሌላው አይከብደውም። ዶክተር ያልሆነ ሰው አንብቦ፣ ዶክተር ላልሆነ ሌላ ሰው መንገር እንዲችል ተደርጎ ነው የተጻፈው። ደግሞ ውጤት ከመደበኛው ወጣ ማለት የግድ በሽታ አለ ማለት እንዳልሆነ ይነግራችኋል። ዓርብ ማታ ይህችን አንዲት ነገር የሚነግር ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም።

እናቴ ስኳር አለባት። ቀጠሮዋ ሲደርስ ለጥቂት ቀን እንጀራ ትቀንሳለች፣ ሻይዋን ያለ ስኳር ትጠጣለች፣ ከዚያ "ዛሬ ጥሩ ነው የሚመጣው" ብላ በልበ ሙሉነት ትሄዳለች። ኤዋንሲ (A1C) የሚባለው የስኳር የደም ምርመራ ግን በዚህ አይሸወድም። ገጹን አንብቤ እንዲህ አልኳት፦ "እማዬ፣ ስኳሩ ቀይ የደም ሴልሽ ላይ ይለጠፋል። ሴሉ ደግሞ ሦስት ወር ምናምን ይቆያል። ስለዚህ ሐኪሙ የሚያየው የትናንቱን ሳይሆን የሦስት ወሩን ነው።" አሰብ አደረገችና "ታዲያ ፋሲካንም ያውቃል ማለት ነዋ!" አለችኝ።

በትክክል ያውቃል። ቁጥሮቹም ገጹ ላይ በግልጽ ተቀምጠዋል፣ በመቶኛ ከ5.7 በታች ጤነኛ፣ ከ5.7 እስከ 6.4 ለስኳር የቀረበ፣ 6.5 እና ከዚያ በላይ ስኳር። አንድ ነገር ልብ በሉ ታዲያ፣ ይህ በሽታው አለ ወይስ የለም ለሚለው ነው። ስኳር እንዳለበት ለታወቀ ሰው ግቡን የሚያወጣው ሐኪሙ ነው፣ ለብዙ ሰው ከ7 በታች ይባላል፣ ዕድሜው ለገፋ ሰው ደግሞ ላላ ሊያደርጉት ይችላሉ። እናንተ 5.7ን ይዛችሁ እናታችሁን እንዳታስጨንቁ።

ሌላው በደንብ የጠቀመኝ የቲቢ ምርመራው ገጽ ነው። ከሀገር ቤት የመጣ ሰው ለሥራ ወይም ለወረቀት ሲመረመር ቲቢ ፖዘቲቭ መውጣቱ ብርቅ አይደለም። አንድ ዘመዳችን ላይ ይህ ሲወጣ፣ በስልክ የቀረበው አስተርጓሚ "የሳንባ ነቀርሳ አለብዎት" ብሎት እርፍ። ነቀርሳ ደግሞ ቲቢም ይባልበታል፣ ካንሰርም ይባልበታል። ዘመዳችን ካንሰር ብሎ ነው የሰማው። ቤቱ ገብቶ ለማን ምን እንደሚተው ማሰብ ጀምሮ ነበር፣ እግዜር ይይለትና። ካንሰሩ ይቅርና በቲቢም አልታመመም ነበር፣ ሰውነቱ ውስጥ የተኛ ጀርም ነው የተገኘው። ገጹ ይህን ለይቶ ያስረዳል። የተኛው አያሳልም፣ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም፣ መድኃኒት የሚሰጠው አንድ ቀን እንዳይነቃ ነው። በልጅነት ክንዳችን ላይ የተወጋነው ቢሲጂ የሚባለው የቲቢ ክትባት የቆዳውን ምርመራ ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል፣ የደም ምርመራውን ግን አይነካውም። ሐኪም ፊት ስትቀርቡ "የቆዳው ነው የደሙ?" ብሎ መጠየቅ ብቻ ብዙ ነገር ያጠራል።

ድክመቱ የራጅ፣ የአልትራሳውንድና የሲቲ ስካን ሪፖርት ላይ ነው። ሲቲ ስካን ምን እንደሆነ ያስረዳችኋል፣ ሪፖርቱን ለማንበብ ግን ብዙ አይረዳም። ሪፖርቱ ራሱ አንዱ ሐኪም ለሌላው ሐኪም የጻፈው ነው፣ እኛን አስቦ የጻፈ የለም። የእናቴ አልትራሳውንድ ላይ ኩላሊቷን "አንሪማርከብል" ብለውት ወንድሜ በቁጣ ደወለ፣ "የማይረባ ኩላሊት ነው የሚሉት?" እያለ። ምንም ችግር አላየንበትም ማለታቸው ነው። ለዚህ ዓይነቱ ሬዲዮሎጂኢንፎ የሚባለው ድረ ገጽ ይሻላል፣ የራጅ ሐኪሞች ማኅበራት ያዘጋጁት ነው፣ ሪፖርት እንዴት እንደሚነበብም ክፍል በክፍል ያሳያል። እኔ ሁሌ ከመጨረሻው ነው የምጀምረው፣ "ኢምፕሬሽን" ከሚለው፣ ዋናው ሐሳብ እዚያ ነው ያለው። ከላይ ያለውን ዝርዝር አንድ በአንድ ካነበባችሁ በዕድሜ የመጣውን ሁሉ እንደ በሽታ ትቆጥሩታላችሁ።

አሁን ወደ አማርኛው ገጽ። ሜድላይንፕላስ ራሱ የጻፈው አይደለም። ሌሎች የጤና ተቋማትና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ያስተረጎሟቸው ወረቀቶች በየርዕሱ የተሰበሰቡበት ዝርዝር ነው፣ ብዙዎቹም ፒዲኤፍ ናቸው። ስለዚህ ጥራቱ እንደየተርጓሚው ነው። የምወድለት ነገር እንግሊዝኛውም አብሮ መኖሩን ነው። ሁለቱንም አትማችሁ ሂዱ፣ ነርሷ እንግሊዝኛው ላይ ጣቷን ስታሳርፍ እናታችሁ አማርኛው ላይ ያው ቦታ ጋ ታገኘዋለች። ለክትባት እንዲህ አድርገነው ጥሩ ሆኖልናል።

የርዕሱ ብዛት ግን ከእንግሊዝኛው ጋር አይገናኝም። ያ የወደድኩት የምርመራዎች ክፍል በአማርኛ የለም። የአማርኛ የጤና ወረቀት ደግሞ፣ ማንም ይተርጉመው ማን፣ ብዙ ጊዜ የቢሮ ደብዳቤ ይመስላል። "በጤና አገልግሎት አቅራቢዎ ምክር መሠረት ተገቢውን ክትትል ያድርጉ" ዓይነት ነገር። እናቴ ይህን አንብባ "እና ምን ላድርግ?" ነው የምትለው። "በየሦስት ወሩ ሐኪም ይይዎት" ቢባል ምን ነበረበት?

በዚህ በኩል ኤትኖሜድን ማየት ይጠቅማል። ሲያትል ያለው የሃርበርቪው ሆስፒታልና የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው። በአማርኛ የታካሚ ጽሑፎች አሉት፣ በተጨማሪም ለሐኪሞች ስለ እኛ ባህል የጻፈው አለ። የእናታችሁ ሐኪም ስለ ጾም ሰምቶ የማያውቅ ከሆነና ስኳር እያለባት ሁዳዴን ልትጾም ከሆነ፣ ይህን ድረ ገጽ ጠቁሙት። አይቀየምም፣ ቢቀየምም ይቀየም።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ድረ ገጹ የሐኪም ቤት አስተርጓሚን አይተካም፣ እናንተም አትተኩም። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው፣ መነሻው የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው፣ በኋላ የመጣው የጤና መድን ሕግም አጠንክሮታል። ድንገተኛ ነገር ካልሆነ በቀር ትንሽ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግም አይፈቀድም። የአሥር ዓመት ልጅ ለእናቱ ስለ ማህፀኗ ሲያስተረጉም አይቻለሁ፣ ልጁም እናትየዋም መሬት መሬት ነበር የሚያዩት። ቀጠሮ ስትይዙ "የአማርኛ አስተርጓሚ ይመዝገብልን" በሉ፣ በሰዓቱ ካልመጣም በስልክ ወይም በቪዲዮ እንዲያገናኟችሁ ጠይቁ። አስተርጓሚው ቃሉን በእንግሊዝኛው ካለፈው፣ ባዮፕሲን ባዮፕሲ ብሎ ብቻ ከሄደ፣ "ምን እንደሚያደርጉ ይንገሩልን" በሉት። ትንሽ ሥጋ ቆርጠው ወስደው እንደሚያዩ ለመናገር ሁለት ሰከንድ አይፈጅም።

ኮከቡን ለሁለት መክፈሌ ፍርደ ገምድልነት አይደለም። እናቴ ፒዲኤፍ ከፍታ፣ በሁለት ጣት አስፍታ የምታነብ ሰው አይደለችም። ስለዚህ እኔ አነብና በድምፅ ቀድቼ በቫይበር እልክላታለሁ። ከሁለት ደቂቃ በላይ ከሆነ አትሰማውም። ሳትሰማውም ግን ለቤተሰብ ግሩፑ ታስተላልፈዋለች፣ ስለዚህ የውጤቷን ቁጥር ቅጂው ውስጥ አልጠራም፣ እሱን ደውዬ ነው የምነግራት።