ወርቄ አሜሪካ፣ እኔ ጣና ዳር

ሜሪላንድ ውስጥ 24 ዓመት አረጋውያን ስንከባከብ ኖሬ ነው ባሕር ዳር የተመለስኩት። አሁን ጠዋት ጠዋት ቡናዬን ይዤ ከዘጌ እንጨት ጭኖ የሚመጣውን ታንኳ አያለሁ። ወርቄ ግን እዚያው አሜሪካ ቀርቷል።

ሥራ ሳቆም የመሥሪያ ቤቴን የጡረታ ቁጠባ፣ ፎር-ኦ-ዋን-ኬ የምንለውን፣ ወርቅ ወደሚይዝ የጡረታ ሂሳብ አዛወርኩት። ይህ ሂሳብ ሁለት ዓይነት ነው፤ ትራዲሽናልና ሮት። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ስልክ ላይ ያገኘሁት ሻጭ አፈ ቅቤ ነበር። ልበ ጩቤ ነው እንኳ አልልም። «ትራዲሽናሉ ይሻልሻል፣ ዛሬ ታክስ የለብሽም» አለኝ። አልዋሸም። ታክሱ የሚመጣው ስታወጪ ነው። ሮት የሚባለው ተገላቢጦሽ ነው፤ ታክሱ መግቢያው ላይ ይከፈላል። 59 ዓመት ተኩል ያለፈው ሰው፣ ሂሳቡም 5 ዓመት ከሞላው፣ ሲያወጣ ታክስ አይጠየቅም።

ያልነገረኝ የ73 ዓመቱን ጣጣ ነው። በትራዲሽናሉ በዚያ ዕድሜ በየዓመቱ የግድ ይወጣል። ካልወጣ፣ መውጣት ሲገባው ሳይወጣ በቀረው ገንዘብ ላይ 25 በመቶ ቅጣት አለ። ሮት ላይ ባለቤቱን በሕይወቱ ማንም አያስገድደውም። ጥሬ ገንዘብ ቢሆን ምን ችግር አለው? ወርቅ ግን ወለድ አይወልድ፣ እንደ እንጀራ አይቆረስ።

የኔን ልንገራችሁ። የአሜሪካ ኢግል የሚባለው ባለ አንድ አውንስ የወርቅ ሳንቲም 20 ፍሬ ነበረኝ። በፈረንጆቹ 2024 መጨረሻ 53,000 ዶላር ገደማ ያወጣ ነበር። በታክስ መሥሪያ ቤቱ የዕድሜ ሠንጠረዥ ለ73 ዓመት ሰው ይህ በ26.5 ይካፈላል። 2,000 ዶላር አውጪ ተባልኩ። የአንዷ ሳንቲም ዋጋ ግን ከዚያ ይበልጣል። ግማሽ ሳንቲም ማን ይገዛኛል? ሙሉዋን ሸጥኩ፣ ታክሷንም ከፈልኩ። ሳንቲሟን ራሷን መቀበልም ይቻል ነበር፤ ዋጋዋ ያው እንደ ገቢ ይቆጠራል። ደግሞስ እዚህ ድረስ ማን ያመጣልኛል?

እህቴ የአንገቷን ሀብል እየነካካች «እትዬ፣ ያላየሽው ወርቅ ምኑን ወርቅ ሆነ?» ትለኛለች። የሷ 21 ካራት ነው፣ ሂሳቡ አይቀበለውም። 99.5 በመቶ ንጹሕ ይፈልጋል። የሚገርመው ኢግሏ 22 ካራት ናት፤ ሕጉ ለሷ ለብቻ በር ከፍቶላታል። «ቤትሽ አስቀምጪው» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ደግሞ እንዳትሞክሩት። በፈረንጆቹ 2021 አንዲት ሴት ቤቷ ያስቀመጠችውን ሳንቲም የአሜሪካ የታክስ ፍርድ ቤት እንደወጣ ቆጥሮባታል።

አገልግሎቱስ? የሳንቲሞቹ ጥራትም የማስቀመጫው ደረሰኝም እንከን የላቸውም። ግን ወርቁ ጨመረም ቀነሰም የማስቀመጫና የሂሳብ ክፍያ በየዓመቱ ይቆረጣል። ሲሸጡልሽና ሲገዙሽ ዋጋው አንድ አይደለም። እነሱ ጠዋት ቢሮ ሲገቡ እዚህ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ ኔትወርክ ከሄደ በቃ፣ ነገ።

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቻለሁ። ሥራ ባቆምኩ ማግስት፣ ገቢዬ ዝቅ ባለበት ሰዓት፣ በየዓመቱ ሁለት ሦስት ሳንቲም ወደ ሮት ባዛውር ኖሮ ታክሱ ይቀለኝ ነበር። አሁንም ጀምሬያለሁ። የዓመቱ ግዴታ መጀመሪያ መውጣት አለበት፣ ማዛወሩ ከዚያ በኋላ ነው። ዘንድሮ አንዲት ሳንቲም ተሻግራለች።