ፕሮክስሞክስ፦ ዊንዶውስና ኡቡንቱ በአንድ ሰርቨር

ጅማ ሂርማታ አካባቢ ያለ የቡና ነጋዴ ቢሮ ሰርቨር የምይዘው እኔ ነኝ። ሒሳቡ በፒችትሪ ስለሚሠራ ዊንዶውስ የግድ ነው፤ ፋይል ማጋሪያው ኡቡንቱ በሚባለው የሊኑክስ ሲስተም ላይ ነው። ሁለቱንም በአንድ ማሽን ያኖርኩት በፕሮክስሞክስ ነው፤ አንድን ሰርቨር ከፋፍሎ በርካታ ኦፕሬቲንግ ሲስተሞችን ጎን ለጎን የሚያስኬድ ሶፍትዌር ነው። ነፃ ነው፣ ከብራውዘር ይታዘዛል።

ልቤን የወሰደው ስናፕሾቱ ነው፤ ሲስተሙ በዚያች ሰዓት ያለበትን ሁኔታ እንዳለ ይይዛል። ዊንዶውስን አፕዴት ከማድረጌ በፊት እወስዳለሁ። ከተበላሸ ወዲያው ወደነበረበት ይመለሳል፤ ሒሳብ ሠራተኛዋ ሻይ ጠጥታ ሳትመለስ ያልቃል። ባክአፕ ግን አይደለም፤ ዲስኩ ከሞተ አብሮ ይሄዳል።

ዊንዶውስ ስትጭኑ ዲስክ አላገኘሁም ካለ አትደንግጡ፣ የቪርትአይኦ ድራይቨር (ዊንዶውስ የፕሮክስሞክስን ምናባዊ ዲስክ እንዲያየው የሚያደርግ) ስጡት። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁለቱ ሲስተሞች በራሳቸው እንዲነሱ ደግሞ «ስታርት አት ቡት» የሚለውን አብሩ፤ ሲጫን ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ስትገቡ ስለ ሰብስክሪፕሽን (በክፍያ ስለሚገኝ ድጋፍ) የሚወጣው መልእክት ያሰለቻል፣ ሥራ ግን አይከለክልም። ራም ላይ አትሰስቱ።