ለታላቅ ወንድሜ ኢሜይሉን ለመለሰችለት ልጅ ምስጋና፤ ለእናንተም ጥቆማ

ይህን የምጽፈው በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትኖሩ፣ ቤታችሁ ውስጥ በመሣሪያ የሚናገር ሰው ላላችሁ ወገኖቼ ነው። መሣሪያው ላይ ያለው ኢሜይል አልከፈት፣ አልላክ ብሎ ያስቸገራችሁ ካለ፣ እኛ የተንገላታነውን ሳትንገላቱ አንዲት ልጅ ልጠቁማችሁ። ሞያዋን የምታውቅ፣ ሰው የምታከብር ልጅ ናት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ከማለት ሌላ የምከፍላት የለኝም።

ታላቅ ወንድሜ ኤ.ኤል.ኤስ የሚባለው ሕመም አለበት። ጡንቻን የሚያዝዙትን ነርቮች ስለሚያጠቃ እጁንም አንደበቱንም ወስዶበታል። አእምሮው ግን ያው የድሮው የሂሳብ አስተማሪ ነው። የሚናገረው በዓይኑ ነው። ከስክሪኑ ሥር ያለው ካሜራ ዓይኑን ይከተላል፤ አንድ ፊደል ላይ ትንሽ ሲያቆይ ይጻፍለታል፣ ሲጨርስ መሣሪያው ያነብለታል። አማርኛውንም በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጽፈው። አንድ መስመር ለመጨረስ ይደክማል። በስልክ ሲሞክር ሰው መስመሩ የተቋረጠ እየመሰለው ይዘጋበታል። በኢሜይል ግን የሚያጣድፈው የለም። ኮተቤ አብረውት ከተማሩት ጋር ይከራከራል፣ ሌላ ስቴት የምትማረውን ልጁን ይመክራል፣ የሐኪም ቀጠሮውን ራሱ ይይዛል። ጋሼ ያለ ሰው እርዳታ የሚሠራው የቀረው ነገር ይኸው ነበር። እሱም በድንገት ተዘጋ።

ያኔ ያየነውን መከራ ብተወው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ሌላውም እንዳይደርስበት ልናገር። አንዱ ጋ ስንደውል ሌላው ጋ ደውሉ ይሉናል፤ ሌላው መልሶ ወደ መጀመሪያው ይልከናል። አንድ ቦታ የኢሜይሉ ባለቤት ራሱ በስልክ ቀርቦ ማንነቱን በቃሉ ያረጋግጥ ተባልን። መናገር አይችልም እያልናቸው! አንዲት የቢሮ ሠራተኛ ደግሞ መሣሪያው የተሰጠው እንዲናገርበት ነው፣ ኢሜይል ትርፍ ነገር ነው ብላ መለሰችን። ገንዘብ ተቀብሎ ቤት የመጣው ሰው ፓስወርዱን ቀየረ፣ አልሠራም፤ ደግሞ ቀየረ፣ አሁንም አልሠራም። እሱስ ይሁን። አንጀቴን ያቃጠለኝ ጋሼ ፊቱ ተቀምጦ እያየው «ይሰማል? ይገባዋል?» እያለ እኔን መጠየቁ ነው። ከዚያም በስልኬ ኢሜይሉን ከፍቶ፣ ልጁ የጻፈችለትን ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ጋሼ ዓይኑን ጨፈነ። ዓይኑን ከጨፈነ ደግሞ «ተው» የሚልበት ሌላ ነገር የለውም።

ይህችን ልጅ ያገኘናት በንግግር ቴራፒስቱ በኩል ነው። እዚሁ ያደገች ብትሆንም አማርኛዋ ጥርት ያለ ነው። ቤት ገብታ እኔን ሰላም ካለች በኋላ ወንበር ስባ ጋሼ ፊት ለፊት፣ በዓይኑ ልክ ተቀመጠች። «ጋሼ፣ ምን እንዳስቸገረዎ እርስዎ ይንገሩኝ» አለችው። እሱን! ጋሼ መጻፍ ጀመረ። እኔ እንደለመድኩት ልጨርስለት አፌን ስከፍት በእጇ ቆይ አለችኝ። ዝም ብላ ጠበቀችው። ስልኳን አላየችም፣ ሰዓቷን አላየችም። ችግሩን ነግሯት ሲጨርስ «ጊዜሽን በላሁብሽ» ብሎ ጨመረ። «ጊዜ ይዤ ነው የመጣሁት፤ ቀስ ብለው ይጻፉ» አለችው። ከዚያ ደግሞ «ኢሜይልዎን ልክፈተው ወይ? ደብዳቤዎቹን አላነብም» ብላ ፈቃድ ጠየቀች። እኔ ወደ ኩሽና ሄጄ አለቀስኩ። ወንድሜን እንደዚያ ያናገረው ሰው ካየሁ ቆይቼ ነበር።

ያደረገችውን ሁሉ እኔ አልገባኝም፣ የገባኝን ልንገራችሁ። ትልልቆቹ ኢሜይል ሰጪዎች ሰውን ከሌባ ለመጠበቅ ሲሉ፣ አሮጌ ፕሮግራም በስምና በፓስወርድ ብቻ እንዳይገባ ከልክለዋል። ጉግል ከግንቦት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ማይክሮሶፍት ደግሞ ለግል ኢሜይሎች ከመስከረም 2024 ጀምሮ። የጋሼ መሣሪያ ላይ ያለው ፕሮግራም ከአሮጌዎቹ አንዱ ነበር። እንደ ጋሼ ኢሜይሉ የጉግል ለሆነ ሰው መፍትሔው ለመሣሪያው ብቻ የሚሰጥ 16 ፊደል ያለው ሌላ ፓስወርድ ነው። ዋናውን ፓስወርድ በቀየሩ ቁጥር ይኼኛው ይሰረዛል፤ ስለዚህ ዝም ብላችሁ አትቀይሩ። ይህ እንዲሠራ ኮድ ወደ ስልክ የሚልከው ነገር መከፈት ነበረበት። ጋሼ ስልክ አይዝም። እዚህም ላይ «ኮዱ የማን ስልክ ላይ ይምጣልዎ?» ብላ እሱኑ ጠየቀችው። የእኔን ስም ጻፈ። ስልኩ በማይገኝበት ጊዜ የሚያገለግሉትን መጠባበቂያ ኮዶችም አትማ ሰጠችን።

ከስልኳ «ጋሼ ደረሰዎ?» ብላ ላከችለት። ደረሰው፣ መለሰላትም። ከዚያ የተጠራቀመው መግባት ጀመረ። የኮተቤው ጓደኛው ከአዲስ አበባ ደጋግሞ ጽፎ ነበር፤ የመጨረሻው ደብዳቤ «ወንድሜ፣ አለህ ወይ?» ይላል። ጋሼ የዚያን ዕለት ማታ ምግብ እንኳ ሳይወስድ ሲጽፍ አመሸ።

ስለዚያች የቢሮ ሠራተኛ አባባልም ነገርኳት። ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን በ2015 እ.ኤ.አ. መመሪያውን እንዳሻሻለ፣ የንግግር መሣሪያ ኢሜይልና የጽሑፍ መልእክት መላክ በመቻሉ ሽፋን እንደማይከለከል ከነወረቀቱ አሳየችን። በየስቴቱ የአጋዥ ቴክኖሎጂ ፕሮግራም እንዳለ፣ በሜሪላንድም በቨርጂኒያም በዲሲም መሣሪያ አውሰው እንደሚያስሞክሩ የነገረችንም እሷ ናት። ይህን ሁሉ ስትነግረን ለጊዜዋ ተጨማሪ ሳንቲም አልጠየቀችም።

እባካችሁ ያላችሁ ሰው ቤት ውስጥ ዝም ብሎ አይቀመጥ፤ እሷን አስጠሩ፣ ደግሜ እላለሁ፣ አስጠሩ። ስሟንና ስልኳን እዚህ እንዳላወጣው ለምናኛለች፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ስትጽፉ የመሣሪያውን ዓይነት፣ ኢሜይሉ የየትኛው ድርጅት (የጉግል ይሁን የማይክሮሶፍት) እንደሆነና ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ ፎቶ አንስታችሁ ላኩ። ፓስወርድ ግን ለእኔም ለማንም አትላኩ።