በሜሞሪ ካርድ ያስጫንሁት የአሜሪካ ጀግኖች ትረካ

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አካባቢ ስልክ ከሚጠግን፣ ዘፈንና ትረካም ከሚጭን አንድ ሱቅ፣ የአሜሪካን የክብር ሜዳሊያ ስለተሸለሙ ወታደሮች የሚያወሳ ባለ ዘጠኝ ክፍል የአማርኛ ትረካ በ150 ብር አስጭኜ፣ አንድ ጊዜ ወደ ባሕር ዳር ስጓዝ፣ ሁለተኛም እቤቴ ሆኜ አዳምጬዋለሁ። ሜዳሊያው በኮንግረስ ስም በፕሬዚዳንቱ የሚሰጥ፣ ከአገሪቱ የጀግንነት ሽልማቶች ሁሉ የበላይ የሆነው ነው።

የመጀመሪያው ክፍል የኦዲ መርፊ ታሪክ ሲሆን፣ ሌላው ቢቀር ለዚህ ክፍል ብቻ ብዬ ብሩን ብከፍል አይቆጨኝም ነበር። የ19 ዓመቱ ምክትል መቶ አለቃ በምሥራቅ ፈረንሳይ ሆልትዝቪር በምትባል መንደር አጠገብ ስድስት የጀርመን ታንኮችና ብዙ እግረኛ በመጡበት ጊዜ፣ ወታደሮቹን ወደ ጫካው እንዲያፈገፍጉ አዝዞ እርሱ በስልክ የመድፉን ተኩስ እየመራ ወደ ኋላ ቀረ፤ ከዚያም በእሳት ላይ ወደነበረ የወገን ፀረ ታንክ ተሽከርካሪ ወጥቶ፣ እግሩን ቢቆስልም ለአንድ ሰዓት ያህል በመትረየስ ጠላትን ገታ። ተራኪው ይህን ሁሉ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ ነገሩን በየተራው እያስቀመጠ ስለሚናገረው፣ ሰሚው ራሱ ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል።

በሦስተኛው ክፍል ግን ይህ ቁጥብነት የለም። ፉከራና ቀረርቶ ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም፤ በቦታው ሲሆን እኔም እወደዋለሁ። ዴዝሞንድ ዶስ ግን መሣሪያ አልይዝም ብሎ የዘመተ፣ ቅዳሜን በሰንበትነት የሚያከብር፣ በጃፓኗ ደሴት በኦኪናዋ ውጊያ 75 ያህል ቁስለኞችን በገመድ እያሰረ አንድ በአንድ ከገደል አፋፍ ያወረደ የሕክምና ወታደር ነው። አንድም ጥይት ላልተኮሰ ሰው «ዘራፍ! ገዳይ!» እያሉ መፎከር የሰውየውን ጀግንነት ከነምክንያቱ መሸፈን ነው።

የዘመን አቆጣጠሩም የተዘበራረቀ ነው። የመርፊን ውጊያ «ጥር 18 ቀን 1937» ብሎ በእኛ አቆጣጠር በትክክል ያስቀመጠው ተራኪ፣ የዶስን ያለ ምንም ማብራሪያ «1945» ብሎ ስለሚያልፈው፣ በጥቂት ወራት ብቻ የሚለያዩት ሁለቱ ውጊያዎች በስምንት ዓመት የተራራቁ ይመስላሉ። (ጥር 1937 ሲባል እኔ ያሰብሁት ደጃዝማች በላይ ዘለቀን ነው፤ ጣሊያንን በዱር በገደል የተዋጋው ጀግና አዲስ አበባ ላይ የተሰቀለው በዚያው ወር ነበርና።)

ጥቁሩ መኮንን ቨርነን ቤከር ኢጣሊያ ውስጥ ለፈጸመው ጀብዱ ሜዳሊያውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1997፣ ከ52 ዓመት በኋላ መሆኑን፣ እርሱን ጨምሮ በዚያን ጊዜ ከተሸለሙት ሰባት ጥቁር ወታደሮችም በሕይወት የነበረው እርሱ ብቻ መሆኑን የሚያወሳው ክፍል አጭር ቢሆንም ጥሩ ነው።

ከሁሉ ያስቆጨኝ ሰባተኛው፣ የኮሪያው ክፍል ነው። ሌተናል ኮሎኔል ዶን ፌይዝ እ.ኤ.አ. በ1950 መጨረሻ በቾሲን ሐይቅ ዳር የተከበበውን ጦር ይዞ መንገድ የዘጋውን ጠላት ሲያጠቃ የወደቀ መኮንን ነው፤ ይመራው የነበረው ሻለቃም የ7ኛው ክፍለ ጦር 32ኛ ሬጅመንት አካል ነበር። በቀጣዩ ዓመት ኮሪያ የገባው የእኛ ቃኘው ሻለቃ የተመደበው ከዚሁ ሬጅመንት ጋር ሆኖ ሳለ፣ ለኢትዮጵያውያን የተዘጋጀ ትረካ ቃኘውን በአንድ ቃል እንኳ አለማንሳቱ ምን ይባላል? ይባስ ብሎ ክፍሉ ፌይዝ ከመውደቁ በፊት ይቆረጣል፤ አፅሙ እ.ኤ.አ. በ2012 ተለይቶ በ2013 በአሜሪካው የአርሊንግተን የጀግኖች መካነ መቃብር መቀበሩን የማያውቅ ሰው ታሪኩን ሳይጨርስ ይቀራል።

ካርዱን ይዤ ብመለስ ባለሱቁ ሳያጉረመርም፣ ያለ ክፍያ ደግሞ ጫነልኝ፤ ነገር ግን ቅጂው ከምንጩ የተቆረጠ ኖሮ እዚያው ቦታ ላይ ቆመ። የሚያስጭን ሰው ብሩን ከመክፈሉ በፊት ሰባተኛውን ክፍል ወደ መጨረሻው አሳልፎ ያዳምጥ።