በእኛ ዲግሪ ማስተርስ፦ ጀርመን ወይስ አሜሪካ?

ሀዋሳ ሐይቁ ዳር ተመራቂዎች ሲገናኙ የማይቀር ጥያቄ አለ፦ «ዲግሪያችን ውጭ ይሠራል?» ይሠራል። ግን ሁለቱ አገሮች የሚያዩት ነገር ይለያያል።

የዲግሪው ዓመት። ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው።
ጀርመን፦ እዚያ ባችለር ራሱ ብዙ ጊዜ 3 ዓመት ስለሆነ፣ በቀድሞው የአገራችን ሥርዓት በ3 ዓመት የተመረቃችሁ በዚህ ብቻ ተስፋ አትቁረጡ፤ ይልቅ የወሰዳችኋቸው ኮርሶች ከምታመለክቱበት ዘርፍ ጋር መግጠማቸውን ነው አጥብቀው የሚያዩት። አካውንቲንግ ተምሮ ዳታ ሳይንስ መግባት ይከብዳል።
አሜሪካ፦ ባችለር 4 ዓመት ነው። የ3 ዓመቱን የሚቀበልም የማይቀበልም ዩኒቨርሲቲ አለ። እባካችሁ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት በኢሜይል ጠይቁ። ዘርፍ መቀየር ግን በአሜሪካ ይሻላል።

ማመልከቻ።
ጀርመን፦ ብዙዎቹ በዩኒ-አሲስት (ለዩኒቨርሲቲዎቹ የውጭ ተማሪዎችን ማመልከቻ በሚያጣራ ድርጅት) በኩል፤ ለመጀመሪያው ማመልከቻ 75 ዩሮ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 30።
አሜሪካ፦ እያንዳንዱ ለብቻው ያስከፍላል። ክፍያውን እንዲያነሱላችሁ ጠይቁ፣ አያሳፍርም።

ወጪ።
ጀርመን፦ አብዛኛው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ የለውም (የባደን-ቩርተምበርግ ክልል ግን በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይጠይቃል)። ቪዛው ላይ ነው ፈተናው፦ ስኮላርሺፕ ወይም ስፖንሰር ከሌለ በዝግ ሂሳብ (ገንዘቡ በየወሩ ብቻ በሚለቀቅ የባንክ ሂሳብ) ለዓመት 11,904 ዩሮ ማሳየት። ለብዙ ቤተሰብ ይሄ የማይታሰብ ነው።
አሜሪካ፦ ክፍያው ውድ ነው፤ አሲስታንትሺፕ (ዩኒቨርሲቲው ውስጥ በማስተማር ወይም በምርምር የማገዝ ሥራ) ከተገኘ ግን ትምህርቱም ተሸፍኖ ደሞዝ ይኖራል። በብዛት የሚገኘው ለፒኤችዲ ነው።

ስፖንሰር ያለው፣ በዚያው በተማረው ዘርፍ የሚቀጥል ጀርመንን ይሞክር። ውጤቱ ጠንካራ ሆኖ ብር የሌለው፣ ምርምር የሚወድ ደግሞ አሜሪካ፣ በተለይ ለፒኤችዲ፣ ቢያመለክት ይሻለዋል።