ኤፒአይ ሪፍ ማስተር ኪት በድሬዳዋ፦ የትኛው ጠርሙስ ይታመናል?

ይህ ሳጥን ኮራል የሚኖርበትን የባሕር ውሃ አኳሪየም በጠብታ የሚመረምር ነው። አራት ነገር ይለካል፦ ካልሲየም፣ ኬኤች (የውሃው የካርቦኔት መጠን)፣ ናይትሬትና ፎስፌት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጥሩ ናቸው፤ ናይትሬቱ አሠራሩን ለሚያከብር ሰው ይሠራል፤ የፎስፌቱ መለኪያ ግን ለኮራል አኳሪየም አይረባም። አሞኒያ ጭራሽ የለበትም። ስለዚህ አኳሪየሙን ገና ላስጀመረ ሰው ቀድሞ የሚያስፈልገው የዚሁ ኩባንያ ሶልትዋተር ማስተር ኪት ነው፤ እሱ አሞኒያ፣ ናይትራይት፣ ናይትሬትና ፒኤች ይለካል። አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ሆነው ኮራል ሲገባ የሪፉ ሳጥን ተራው ይደርሳል።

ከሁሉ በላይ የጎደለው የጨው መለኪያ ነው፤ ጀማሪው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። ጨዉ በሊትር ከ35 ወደ 30 ግራም ቢወርድ፣ በሊትር 420 ሚሊ ግራም የነበረው ካልሲየም 360 ይሆናል፤ ኬኤችም አብሮ ይወርዳል። ባለቤቱ «ካልሲየም አነሰ» ብሎ ዱቄት ይጨምራል፤ የጎደለው ግን ጨው ነበር። የድሬ ሙቀት ደግሞ ነገሩን ይገለብጠዋል። ከ100 ሊትር 5 ሊትር ሲተን ጨዉ ወደ 37 ይጠጋል፣ ቁጥሩ ሁሉ ወደ ላይ ይወጣል። የሚተነው ውሃ ብቻ ስለሆነ የሚተካውም የተጣራ ውሃ ነው፤ ጨው ያለበት አይጨመርም። ማራገቢያ ውሃውን ሁለት ሦስት ዲግሪ ያበርደዋል፤ ትነቱን ግን ያባብሳል፤ ስለዚህ በየቀኑ መተካት የግድ ነው። ሪፍራክቶሜትር (በብርሃን የሚሠራ የጨው መለኪያ) ግዙ፤ የምታስተካክሉትም በ35 ማስተካከያ ፈሳሽ ይሁን። በንጹህ ውሃ ዜሮ ላይ የተስተካከለ ርካሽ መሣሪያ 35 ላይ ሲደርስ ሊዋሽ ይችላል።

ኬኤች የሳጥኑ ምርጥ ክፍል ነው። 5 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ አንድ ጠብታ እየጨመሩ መነቅነቅ ነው፤ ሰማያዊው ወደ ቢጫ እስኪለወጥ የተቆጠረው ጠብታ የኬኤቹ ዲግሪ ነው። አንድ ዲግሪ ለኮራል ሰፊ ልዩነት ስለሆነ፣ ውሃውን 10 ሚሊ ሊትር አድርጋችሁ ጠብታውን ለሁለት ብታካፍሉ እስከ ግማሽ ዲግሪ ታነባላችሁ። ውሃውን ከፋርማሲ በሚገዛ ስሪንጅ ለኩ፤ ቱቦው ላይ ያለውን መስመር በዓይን ከመገመት ይሻላል። ለጀማሪ 8 ወይም 9 ጥሩ ነው። ከዚያ ሲያንስ በ100 ሊትር ውሃ 3 ግራም ያህል ቤኪንግ ሶዳ ኬኤችን በ1 ዲግሪ ያነሳል። በንጹህ ውሃ በጥብጣችሁ ቀስ አድርጋችሁ ጨምሩ፤ በቀን ከ1 ዲግሪ አትለፉ። ከፊራ ገበያ ስትገዙ ግን ማሸጊያውን አንብቡ፦ ቤኪንግ ፓውደር አሲድና ስታርች የተቀላቀለበት የኬክ ዱቄት ነው፤ አኳሪየም ውስጥ አይገባም።

ካልሲየሙ ላይ ብዙ የሚባል የለም። ከመጀመሪያው ጠርሙስ 10 ጠብታ፣ ከዚያ ከሁለተኛው እየቆጠሩ ሮዙ ሰማያዊ እስኪሆን፤ ጠብታው በ20 ይባዛል። 21 ጠብታ 420 ማለት ነው፤ ከ400 እስከ 450 ከሆነ አትንኩት። ኬኤችና ካልሲየም ብትጨምሩም ባትጨምሩም የሚወርዱ ከሆነና ማሞቂያው ላይ ነጭ ቅርፊት ከያዘ ማግኒዚየም ጠርጥሩ፤ ከ1250 እስከ 1350 መሆን አለበት። እሱን ይህ ሳጥን አይለካም።

ናይትሬት ዜሮ እያሳየ መስተዋቱ አልጌ ከለበሰ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሁለተኛው ጠርሙስ ነው። ውስጡ ያለው ዱቄት ታች ይዘቅጣል። ከመጀመሪያው 10 ጠብታ ካደረጋችሁ በኋላ ሁለተኛውን ቢያንስ 30 ሰከንድ በኃይል ነቅንቁ፣ 10 ጠብታ ጨምሩ፣ ቱቦውን አንድ ደቂቃ ሙሉ ነቅንቁ፣ 5 ደቂቃ ጠብቁ። በዚሁ ጠርሙስ የቧንቧውን ውሃም መርምሩ፤ የድሬ ውሃ የከርሰ ምድር ውሃ ነውና ናይትሬቱን ከምንጩ ይዞት ሊመጣ ይችላል።

የፎስፌቱ ቀለም ከ0 ቀጥሎ የሚዘለው በሊትር ወደ 0.25 ሚሊ ግራም ነው። ኮራል የሚፈልገው ከ0.03 እስከ 0.1 ስለሆነ ጥሩውም መጥፎውም እኩል «ዜሮ» ይመስላል። ለዝቅተኛ ፎስፌት የተሠራ፣ ሃና የተባለው ኩባንያ ዲጂታል መለኪያ ይሻላል።

ሳጥኑ ያሳያችሁ ችግር አብዛኛው ከውሃው ምንጭ ነው። ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚያስቀር ውሃ ላይ ለኮራል አኳሪየም የተዘጋጀ ጨው ሲበጠበጥ ካልሲየሙና ኬኤቹ ከመጠን ያልፋል። መፍትሔው ሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ (በውሃው የሟሟውን በግፊት የሚለይ) ነው፤ እሱ ግን ከ3 እስከ 4 ባር ግፊት ይፈልጋል። ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ሮቶ በየሜትሩ ከፍታ 0.1 ባር ብቻ ስለሚሰጥ የግፊት ፓምፕ ሳይገጠም ማጣሪያ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። የባትሪ ውሃ ለአነስተኛ አኳሪየም ማዳረሻ ሊሆን ይችላል፤ በቲዲኤስ መለኪያ (በውሃ የሟሟውን ነገር በሚለካ) ዜሮ ማሳየቱን ካረጋገጣችሁና የባትሪ አሲድ አለመሆኑን መለያው ላይ ካነበባችሁ በኋላ ብቻ። የአፋር ጨው፣ የቱንም ያህል ነጭ ቢሆን፣ አይሆንም፤ በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ እንጂ የባሕር ውሃ ሙሉ ቅመም አይደለም።

ከውጭ በሚመጣ ሰው ስታስመጡ በየጠርሙሱ ላይ ያለውን የሎት (የምርት ዙር) ቁጥር በፎቶ ጠይቁ፤ የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች የተመረተበትን ወርና ዓመት ይናገራሉ። ሦስት ዓመት ያለፈውን አትቀበሉ። ቤት ሲደርስ ከአኳሪየሙ መብራት በላይ ካለው መደርደሪያ ይልቅ ጥላና ቀዝቃዛ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ ክዳኖቹንም አታለዋውጡ።