252 ክኒን ቆጥራ ለምትሰጠው ፋርማሲስት ምስጋና

ደሴ ፒያሳ አካባቢ መድኃኒት ቤት ውስጥ ለምትሠራ አንዲት እህታችን ምስጋና ይድረሳት። ስሟ እንዲጠራ ስለማትፈልግ አድራሻዋን በውስጥ መስመር ለጠየቀን እንጠቁማለን። የምንጠቁመው በተለይ ሐኪሞች አልሰሬቲቭ ኮላይትስ ለሚሉት የትልቁ አንጀት ቁስለት መድኃኒት ለሚወስዱና ለአስታማሚዎቻቸው ነው።

ለምሳሌ የአንጀቱን ቁጣ የሚያበርደውን ፕሬድኒሶሎን የተባለ መድኃኒት እንይ። ሐኪሙ በ40 ሚሊ ግራም አስጀምሮ በየሳምንቱ 5 እየቀነሰ እንዲቆም ካዘዘ፣ ባለ 5 ሚሊ ግራሙ ክኒን በመጀመሪያው ሳምንት በቀን 8 ፍሬ፣ በሁለተኛው 7፣ እንዲህ እያለ በስምንተኛው 1 ፍሬ ይሆናል። ድምሩ 252 ነው። ሌላ ቦታ ይህን ሁሉ በአንድ ላስቲክ ጠቅልለው «እየቀነስክ ውሰድ» ብለው ይሸኛሉ። እሷ ስምንት ፖስታ ታወጣለች። በየፖስታው ላይ ከስንት እስከ ስንት ቀን እንደሆነና በቀን ስንት ፍሬ እንደሚዋጥ ትጽፋለች። ማንበብ ለማይችል ደግሞ የፍሬውን ያህል ክብ ትሥልለታለች። የመጨረሻው ፖስታ 7 ክኒን ብቻ ስላለበት «ይቺማ ምን ትሠራለች» ብሎ የሚተወው ብዙ ነው። ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ መድኃኒቱ ከውጭ ሲገባ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች የራሳቸውን ሥራ ይተዋሉ፣ እንደገና እስኪነቁ ጊዜ ይፈልጋሉ። ድንገት ሲቋረጥ ድካም፣ ማዞር፣ ማስመለስ፣ የደም ግፊት መውረድ ይመጣል። ደሙ በሁለተኛው ሳምንት ቆመልኝ ብሎ ማቋረጥ የተለመደ ስህተት ነው። ሰዓቱ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ፣ ቁርስ ተበልቶ። ማታ ከተዋጠ እንቅልፍ ይነሳል። ስኳር ያለበትን ሰው ደግሞ ስኳሩን ቶሎ ቶሎ እንዲለካ ታስጠነቅቃለች።

ሌላው የዚህ በሽታ መድኃኒት ሰልፋሳላዚን ሲታዘዝ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «አባቴ፣ ባክትሪም ውጠው ሰውነትዎ ሽፍ ብሎ ያውቃል?» ነው። ባክትሪም የተባለው ፀረ ባክቴሪያና ሰልፋሳላዚን ሁለቱም የሰልፋ ዘር ናቸውና አዎ ካሉ ስትሪፑን መልሳ ሐኪሙ ጋ ትደውላለች። ባለ 500 ሚሊ ግራሙ በሽታው ከበረደ በኋላ እንዳያገረሽ በቀን 4 ፍሬ ይወሰዳል፤ ግን ከመጀመሪያው ቀን ሙሉውን መጀመር ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ስለሚያመጣ ከትንሽ ተነስቶ ነው የሚጨመረው። ከምግብ ጋር፣ በብዙ ውሃ። ሽፋን ያለው ዓይነት አይሰበርም፣ አይታኘክም፤ የተሸፈነው ጨጓራን አልፎ አንጀት ላይ እንዲሟሟ ነው። መድኃኒቱ ፎሊክ አሲድ የተባለው ቫይታሚን ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚያውክ ቫይታሚኑ አብሮ መታዘዙን ታያለች። ሽንት ብርቱካናማ ሲሆን ደንግጦ ለሚደውል «አብሽሩ፣ ቀለሙ ነው» ትላለች። ትኩሳት፣ የጉሮሮ ቁስለት ወይም የቆዳ ሽፍታ ከመጣ ግን አብሽሩ የለም፤ መድኃኒቱ ቆሞ በዚያው ቀን የደም ሴል ቆጠራ ይታያል። ደግሞም ያለ ምልክት በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በየ2 ሳምንቱ የደም ሴልና የጉበት ምርመራ አለ፤ ቀኑን ፖስታው ጀርባ ላይ ትጽፈዋለች። ልጅ ለመውለድ ያሰበ ባል ካለ ወደ ጎን ጠርታ የምትነግረው አለ፦ መድኃኒቱ የወንድ ዘር ቁጥር ይቀንሳል፣ ሲቆም ይመለሳል፣ አማራጩን ከሐኪም ጋር መነጋገር ነው።

ረመዳን ሲቃረብ ነገሩ ይከብዳል። ሰልፋሳላዚን ተከፋፍሎ የሚወሰድ በመሆኑ በሁለት መጠን መሃል ከ8 ሰዓት በላይ ባይሆን ይመረጣል፤ ከሱሁር እስከ ኢፍጣር ያለው ግን ከ12 ሰዓት ያልፋል። ስለዚህ ጾሙ ሳይገባ ሐኪም ጋ ትልካለች እንጂ በራሷ አታሸጋሽግም። ለክርስቲያኑም ያው ነው፤ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ፕሬድኒሶሎንን በባዶ ሆድ እንዳይውጥ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክራል።

የምትከለክለው ደግሞ ከምትሸጠው እኩል ይጠቅማል። ወገቤን ላለ የአንጀት ታካሚ ዲክሎፌናክም አይቡፕሮፌንም አትሰጥም፣ በሽታውን ሊቀሰቅሱ ይችላሉና። ፓራሲታሞል ትሰጣለች። በሽታው ጠንክሮ ሳለ ተቅማጥ ላቁም ብሎ ሎፔራማይድ የሚጠይቅም ባዶ እጁን ይመለሳል፤ አንጀቱ ተነፍቶ ሊቀደድ ይችላል። «አሜባ ነው» ተብሎ ያለ ሰገራ ምርመራ ሜትሮኒዳዞል ለሦስተኛ ጊዜ የታዘዘለት ሲመጣ ዝም ብላ አታስተናግድም። ይሄ ብዙ ሰው አስቀይሟታል፣ እኛ ግን የምናመሰግናት አንዱ በዚህ ነው። በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ደም የቀላቀለ ሰገራ ከትኩሳት ወይም ከልብ ምት መፍጠን ጋር ካለ የእሷም በር አይደለም፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።

በፊንጢጣ የሚገባ መድኃኒት ይዞ ወደ ባቲ ለሚወርድ ሰው አንድ ነገር ትደግማለች፦ ቆላው ያቀልጠዋል፣ መኪናው ውስጥ ከፊት መስታወቱ ሥር አታስቀምጡት።

ስትሄዱ የተረፈውን ክኒን ከነስትሪፑ ያዙ፤ ቆጥራ ስንት ቀን እንደተዘለለ ታውቃለች። ሐሙስና ቅዳሜ ከሰዓት ይጨናነቃል፣ ጠዋት ብትደርሱ ጊዜ ታገኛለች።